በቤት ውስጥ ልብስ ለሚሰፋ ሰው የትኛው ወለል ይስማማል?

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ በካምፓላም ሆነ በጅቡቲ የልብስ ስፌት ሁልጊዜ በሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። በርካታ ሴቶችና ወንዶች የስፌት መኪናቸውን በመኝታ ቤታቸው ጥግ፣ በሳሎን መስኮት ሥር ወይም በሰርቪስ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የጎረቤት ቀሚስ ያሳጥራሉ፤ የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ይሰፋሉ፤ ለበዓልና ለሠርግ የሚለበሰውን ያዘጋጃሉ።

ይህን ሥራ በቤቱ የሚጀምር ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ መኪናው ነው። ጠረጴዛው፣ መብራቱና ካውያው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ወለሉ ግን ከታሰበም የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። ሆኖም ደንበኛ ያመጣው ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ መመለሱ፣ የወደቀች መርፌ የሕፃን እግር ሳትወጋ በፊት መገኘቷ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነካው ሰው ደኅንነትም ጭምር ከእግር በታች ባለው ነገር ላይ በከፊል የተመሠረቱ ናቸው።

ታዲያ የትኛው ወለል ይሻላል? መልሱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ወለል ነው ማለት አይደለም። ለስፌት የሚስማማው ወለል ደረቅ፣ ደልዳላ፣ በቀላሉ የሚጠረግና መርፌ የማይደብቅ ነው። እነዚህን አራት ነገሮች የሚያሟላ ወለል በሲሚንቶም፣ በሴራሚክም፣ በፕላስቲክም፣ በሚገባ ከተሠራ በአፈርም ሊገኝ ይችላል።

ስፌት ከወለል ምን ይፈልጋል?

የስፌት ክፍል ከሌላው የቤት ክፍል የሚለየው ሥራው ያለማቋረጥ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። መርፌና ስፒል ይወድቃሉ፤ የክር ቁራጭና የጨርቅ ብናኝ ይረግፋሉ፤ የመኪና ዘይት ይንጠባጠባል፤ ከባድ መቀስ ከጠረጴዛ ይንሸራተታል፤ የጋለ ካውያም አንዳንድ ጊዜ ይወድቃል።

ከሁሉም በላይ ጨርቁ ራሱ ወለሉን ይነካል። ረጅም ቀሚስ ሲሰፋ ጫፉ ከጠረጴዛው ወርዶ መሬት ላይ ይንጎተታል። ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ የሌላቸው ደግሞ ጨርቁን ሰሌን ወይም አንሶላ ላይ ዘርግተው፣ ተንበርክከው ይቆርጣሉ። በኢትዮጵያና በኤርትራ በስፋት የሚለበሰው የሐበሻ ቀሚስ በአብዛኛው ነጭ የጥጥ ሸማ በመሆኑ ቀይ አፈርም ሆነ የዘይት ጠብታ ወዲያው ይታይበታል። ጥለቱ ወይም ጥልፉ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ደግሞ እድፉን ለማስለቀቅ አጥቦ መመለስ እንኳ ቀላል አይሆንም። የጉዳቱ ዋጋ በሰፊዋ ላይ ይወድቃል።

መኪናው ራሱም ከወለሉ የሚጠብቀው ነገር አለ። በእግር የሚረገጠው አሮጌው መኪና በአራት የብረት እግሮች የቆመ ነው፤ አንዱ እግር ከመሬት ከፍ ካለ መኪናው ይናጋል፤ ስፌቱም ቀጥ ማለቱን ይተዋል። ለፋብሪካ የተሠራው የኤሌክትሪክ መኪና በደቂቃ እስከ 5 ሺህ የሚደርስ ስፌት የሚሰፋ ሲሆን፣ ከነጠረጴዛው ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ይህን የመሰለ መኪና በስስ ጣውላ ወይም በሚረገብ ንጣፍ ላይ ማቆም ንዝረቱን ያባብሰዋል።

የአፈር ወለል፦ አቧራ ብቻ አይደለም

በምሥራቅ አፍሪካ ገጠሮችና በከተሞች ዳርቻ ብዙ ቤቶች አሁንም የአፈር ወለል አላቸው። በኢትዮጵያ አፈሩ እንዳይቦንን በእበት መለቅለቅ የቆየ ልማድ ነው። ልቅለቃው አቧራውን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ነገር ግን በየጊዜው መታደስ አለበት፤ በመኪና እግርና በወንበር መጎተት ደግሞ ፈጥኖ ይላጣል።

አቧራ ለስፌት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው ጨርቁን ማቆሸሹ ነው። ሁለተኛው ከመኪናው ዘይት ጋር ተቀላቅሎ በማርሹና በክር ማጠንጠኛው ዙሪያ መለጠፉ ሲሆን፣ ይህም መኪናው እንዲከብድና ቶሎ እንዲያረጅ ያደርጋል።

ጉዳዩ ከሥራም ያልፋል፤ ቤት ውስጥ የምትሠራ እናት ልጇም እዚያው ወለል ላይ ይድሃልና። ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚያሳክክና የሚያቆስለው ሙጃሌ የሚራባው በደረቅ፣ አሸዋማና አቧራማ መሬት ላይ ነው፤ ያልተነጠፈ የቤት ውስጥ ወለልም ይመቸዋል።

የወለል ለውጥ በጤና ላይ ያለው ውጤት በስፋት ከተጠናባቸው አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። የአገሪቱ መንግሥት ‘ፒሶ ፊርሜ’ ማለትም ‘ጠንካራ ወለል’ በተባለ መርሐ ግብር የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ ለውጦ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2009 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የአፈር ወለልን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ መተካት በሕፃናት ላይ የሚታየውን የጥገኛ ተህዋሲያን ሥርጭት በ78 በመቶ፣ ተቅማጥን በ49 በመቶ፣ የደም ማነስን ደግሞ በ81 በመቶ ይቀንሳል።

ለሲሚንቶ የሚሆን ገንዘብ ለሌላቸው ሌላ መንገድም አለ። በሩዋንዳ ‘ኧርዝኢኔብል’ የተባለ ድርጅት በአካባቢው የሚገኘውን ጠጠር፣ አሸዋና ሸክላ አፈር ደረጃ በደረጃ እየጠቀጠቀ፣ በላዩ ላይ ከተልባ ዘይት የተዘጋጀ ሲደርቅ የሚጠነክር ቅባት በመቀባት ወለል ይሠራል። ድርጅቱ ሥራውን ወደ ኡጋንዳም አስፋፍቷል። እንዲህ ያለው ወለል ይጠረጋል፤ በእርጥብ ጨርቅም ይወለወላል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ችግሩ ያለው አፈር መሆኑ ላይ ሳይሆን፣ አለመጠቅጠቁና አለመሸፈኑ ላይ ነው።

ሊሾ፦ ለብዙዎች የሚበቃው

በኢትዮጵያ ግንበኞች ‘ሊሾ’ የሚሉት ልስልስ የሲሚንቶ ወለል ለስፌት ክፍል ጥሩ መነሻ ነው። ጠንካራ ነው፤ ክብደት ይችላል፤ የጋለ ካውያ ቢወድቅበት አይቀልጥም፤ ግራጫ መልኩም በወደቀው ክርና ጨርቅ ላይ ዓይንን አያሳስትም። በኬንያና በኡጋንዳ ቀይ ቀለም ተቀላቅሎበት በሰም የሚወለወለው የሲሚንቶ ወለል ከዚሁ ወገን ነው። ሆኖም ሰሙ ወይም ቀለሙ ወደ ነጭ ጨርቅ ሊዛመት ስለሚችል፣ ጨርቅ የሚነካው ቦታ ላይ ንጹሕ አንሶላ ማንጠፍ ያስፈልጋል።

የሊሾ ዋነኛ ጉድለት አሠራሩ ሲበላሽ የሚመጣ ነው። ሲቦካ ውኃ የበዛበት ወይም ከፈሰሰ በኋላ በቂ ውኃ ሳይጠጣ የደረቀ ሲሚንቶ ላዩ እየተፋቀ እንደ ዱቄት ይቦናል። በየቀኑ ቢጠረግም አቧራው የማያልቅ ከሆነ ምንጩ ራሱ ወለሉ ነው ማለት ነው። መከላከያው አዲሱን ሊሾ ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥብ አድርጎ ማቆየት ነው። ለነባሩ ወለል ደግሞ ለሲሚንቶ ተብሎ የሚሸጥ ማሸጊያ ወይም የወለል ቀለም መቀባት ይረዳል። ያልታሸገ ሲሚንቶ የመኪና ዘይትም ስለሚመጥ፣ ከመኪናው ሥር ካርቶን ወይም ፕላስቲክ ማድረግ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጉድለት ቅዝቃዜና ጥንካሬ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ በክረምት ጧት ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር መኪና መርገጥ እግር ያደነዝዛል። ቆሞ ለረጅም ሰዓት መቁረጥና መተኮስም ወገብንና ጉልበትን ያደክማል። ለዚህ ክፍሉን በሙሉ መለወጥ አያስፈልግም፤ በመቆሚያው ቦታ ላይ ወፍራም የጎማ ወይም የፎም ንጣፍ ማድረግ ይበቃል።

ሴራሚክና ቴራዞ፦ ለማጽዳት የሚመቹ፣ ለጥንቃቄ የሚጋብዙ

ሴራሚክና ቴራዞ አቧራ አያመነጩም፤ ዘይት አይመጡም፤ በውኃ ይታጠባሉ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍባቸው እንደ ጅቡቲና በርበራ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ቅዝቃዜያቸው ጉድለት መሆኑ ቀርቶ በረከት ይሆናል።

ነገር ግን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ያንሸራትታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና የእግር ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ወደ ፊት ይሸሻል፤ ሰፊዋም እግሯን እያስከተለች ሳታስበው ጎንበስ ብላ ትውላለች። ከፔዳሉ ሥር የጎማ ቁራጭ ማድረግ ይህን ያስቀራል። ከባድ መቀስ ቢወድቅ ወይ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፣ ወይ የመቀሱ ጫፍ ይጎብጣል። መርፌም በሸክላዎቹ መካከል ባለው መጋጠሚያ ውስጥ ልትሸሸግ ትችላለች።

ስለዚህ ሴራሚክ የሚገዛ ሰው ብርሃን የማያንጸባርቅ፣ ሰፋ ያለና አንድ ወጥ ፈዛዛ ቀለም ያለውን ቢመርጥ፣ መጋጠሚያዎቹም ጠባብ ሆነው እስከ ላይ እንዲሞሉ ቢያደርግ ይበጀዋል። አበባ፣ የእብነ በረድ ሥር ወይም ዝንጉርጉር ጠጠር የሚመስል ሥዕል ያለበት ወለል ለሳሎን ቢያምርም መርፌ ለሚፈልግ ዓይን ግን ፈተና ነው።

ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለ። ወደ ሱቅ ሲኬድ ሁለት ሦስት ስፒል ይዞ መሄድ፣ በናሙናው ላይ ጥሎ ቀጥ ብሎ ቆሞ ማየት ነው። ስፒሉን ለማግኘት ጎንበስ ማለት ካስፈለገ ያ ወለል ለስፌት ክፍል አይሆንም።

የፕላስቲክ ንጣፍ፦ ለተከራይ የሚመች

በጥቅል የሚሸጠው የፕላስቲክ ንጣፍ በሁሉም የአካባቢው ገበያዎች ይገኛል። ከሴራሚክ ይረክሳል፤ ከሲሚንቶ ይሞቃል፤ መጋጠሚያው ጥቂት ስለሆነ መርፌ አይደብቅም። ሳይለጠፍ ከተነጠፈም ተከራይ ቤት ሲለቅ ጠቅልሎት ይሄዳል።

ትልቁ ድክመቱ ሙቀት ነው። አብዛኛው የወለል ፕላስቲክ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ የሚጀምር ሲሆን፣ ለጥጥ የተስተካከለ ካውያ ደግሞ 200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የወደቀ ካውያ በሰከንዶች ውስጥ ምልክቱን ይተዋል፤ የቀለጠው ፕላስቲክም ካውያው ላይ ተጣብቆ የሚቀጥለውን ልብስ ሊያበላሽ ይችላል። በከሰል የሚሠራ ካውያ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚተኩሱበትን ቦታ ከፕላስቲኩ ውጭ ቢያደርጉ ይሻላል፤ የሚፈናጠር ፍም የጨርቅ ብናኝ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ቦታው ከመተኮስ በፊት መጠረግ አለበት።

ሌላው ችግር ከሥር ያለ እርጥበት ነው። ፕላስቲክ እርጥበቱን አያደርቀውም፤ አፍኖ ያስቀረዋል እንጂ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጣው የሻጋታ ሽታ ወደ ጨርቁ ይገባል።

ከማንጠፍ በፊት የወለሉን እርጥበት ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ወደ 45 ሴንቲ ሜትር በ45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በሲሚንቶው ላይ አድርጎ አራቱንም ጠርዞች በማጣበቂያ ፕላስተር ማሸግና ቢያንስ ለ16 ሰዓታት መተው ነው። ሲገለጥ ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ ገና እርጥብ ነው። አዲስ ሊሾ ከሆነ መታገሥ፣ አሮጌ ከሆነ የውኃ ፍሳሽ ወይም ከመሬት የሚወጣ እርጥበት መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል።

እንጨት፣ ላሚኔትና ምንጣፍ

የእንጨት ወለል ለእግርና ለወገብ ይመቻል፤ መቀስ ቢወድቅበትም የመቀሱን ጫፍ አይጎዳም። ሆኖም እንጨት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እንደ ሞምባሳ ባሉ እርጥበታማ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ይህ ይጎላል። ምስጥ በሚበዛበት አካባቢም መድኃኒት ያልተቀባ እንጨት ዕድሜ የለውም። በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ካለ ስፒሎች እዚያ ይከማቻሉ።

እንጨት የሚመስለው ላሚኔት በተጠቀጠቀ የእንጨት ድቃቂ ላይ የተለጠፈ ንጣፍ ነው። ጠንካራ ገጽ አለው፤ ነገር ግን የፈሰሰ ውኃ ወደ መጋጠሚያው ከገባ ጠርዙ ያብጥና ወደ ቀድሞው አይመለስም። በእንፋሎት ካውያ ለሚተኩስ ሰው ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

የሱፍ ምንጣፍ ግን ለስፌት ክፍል ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። መርፌ በጸጉሩ ውስጥ ቀጥ ብላ ልትቆም ትችላለች፤ የክር ቁራጭ ይጠላለፍበታል፤ ብናኝ ያጠራቅማል። ማግኔት በምንጣፍ ላይ ማሳለፍ የብረት መርፌዎችን ያነሣል፤ ከነሐስ የተሠራ ስፒል ግን በማግኔት አይያዝም። ክፍሉ መኝታም ከሆነ ምንጣፉን ወደ አልጋው በኩል ወስኖ የስፌቱን ቦታ ባዶ መተው ይመከራል።

ወለልና ኤሌክትሪክ

በኢትዮጵያ 220፣ በኬንያ 240 ቮልት የሆነው የቤት ኤሌክትሪክ ገዳይ ነው። ሽቦው የተላጠ ካውያ ወይም መኪና የሚነካ ሰው በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ ከቆመ፣ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ በኩል ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ያገኛል። ደረቅ እንጨት፣ ጎማና ፕላስቲክ ይህን መንገድ ያጠቡታል፤ ሙሉ በሙሉ መከላከያ ግን አይደሉም።

ስለዚህ ወለል ታጥቦ ሳይደርቅ ካውያ መሰካት አይገባም። በሚሠሩበት ጊዜ ጫማ ማድረግ መርፌንም ኤሌክትሪክንም ለመጠንቀቅ ይረዳል። ‘ኧርዝ’ የሚባለው የመሬት መስመር በሶኬቱ ውስጥ መኖሩን በባለሙያ ማስፈተሽም ከማንኛውም ንጣፍ ይቀድማል። የማራዘሚያ ገመድን በምንጣፍ ወይም በፕላስቲክ ንጣፍ ሥር ማሳለፍ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ገመዱ በወንበር እግር ሲላጥ አይታይም፤ ሲግልም አይታወቅም።

ከታች የሚኖረው ጎረቤት

በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ ለሚኖሩ የወለል ጉዳይ የጎረቤት ጉዳይም ነው። የመኪናው ንዝረት በጠረጴዛው እግሮች በኩል ወደ ወለሉ፣ ከዚያም ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያ ይተላለፋል። ሴራሚክና ሊሾ ይህን ድምፅ አይውጡም።

መፍትሔው ወለሉን መቀየር ሳይሆን ግንኙነቱን ማለስለስ ነው። በእያንዳንዱ የጠረጴዛ እግር ሥር ወፍራም የጎማ ቁራጭ ማድረግ፣ ጠረጴዛውን ከግድግዳ ትንሽ ማራቅና የላሉ ብሎኖችን ማጥበቅ ድምፁን በሚሰማ መጠን ይቀንሰዋል። ስፖንጅ የመሰለ በጣም ለስላሳ ነገር ግን አይመከርም፤ መኪናው ይንሳፈፍና ይበልጥ ይናጣል።

ገንዘብ ሲያጥር ከየት ይጀመራል?

ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል 12 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። መኪናው፣ ወንበሩና ከጠረጴዛው የሚወርደው ጨርቅ የሚይዙት ቦታ ግን አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር፣ ማለትም 3 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ሙሉውን ክፍል ማንጠፍ ያልቻለ ሰው ይህን ሩብ ብቻ በደንብ ቢያዘጋጅ የጥቅሙን አብዛኛውን ክፍል ያገኛል። ሙሉውን የሚያነጥፍ ደግሞ ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ጨምሮ፣ ወደ 13 ካሬ ሜትር የሚሆን ንጣፍ መግዛት ይኖርበታል።

የወጪው ቅደም ተከተልም ትርጉም አለው። መጀመሪያ እርጥበቱ ይወገድ፤ የሚያፈስ ቧንቧና ጣሪያ ሳይጠገን የሚነጠፍ ማንኛውም ነገር ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥሎ ወለሉ ይደልደል። ግንበኛ በውኃ ልክ ይለካዋል፤ ውኃ ልክ በሌለበት የልጆች ብይ መሬት ላይ አስቀምጦ ወዴት እንደሚንከባለል ማየት ይቻላል። ብዩ በየቦታው የተለያየ አቅጣጫ ከያዘ ወለሉ ጎርባጣ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የላይኛው ንጣፍ የሚመረጠው።

ጥሩ ወለልም ቢሆን ልማድን አይተካም። ከሥራ በኋላ ስፒሎችን ቆጥሮ ወደ ሣጥናቸው መመለስ፣ የተሰበረ መርፌ ሁለቱም ቁራጮች እስኪገኙ ከመቀመጫ አለመነሣት፣ ልጆች ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት መጥረግ ምንም ወጪ የላቸውም። ደረቅ፣ ደልዳላና ፈዛዛ ቀለም ያለው ወለል ይህን ሥራ ያቀልላል፤ የወደቀችው መርፌ በዓይን ትታያለችና።